ከጌታ ጋር ነው

በዚያ ሰፈር ከፀሐይ ቀጥሎ ብርሃን የሚያመጣ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ኤሌክትሪሲያን ነው ቢባል አንበሳን ድመት እንደማለት ይቆጠራል። ቆጣሪ ሲያየው ትንፋሹን ይውጣል፤ የተበጣጠሰ ሽቦ ኮቴውን ሲሰማ በገዛ ፈቃዱ ይገጣጠማል። ሰውም እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «ፊውዝ» አለው። ሚስቱ እንኳ በጣም ካልተናደደች በስተቀር በመዝገብ ስሙ አትጠራውም፤ በመዝገብ ስሙ የተጠራ ቀን ደግሞ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል።

በቤተ ክርስቲያኑማ ያለ ፊውዝ «አሜን» የሚባል ቃል ከሦስተኛው ወንበር አያልፍም ነበር። ድምፅ ማጉያውን የሚተክል እሱ፣ ማይክሮፎኑን የሚፈትሽ እሱ፣ ጄኔሬተሩን በእርግጫም በልመናም የሚያስነሣ እሱ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ የሚደፍን እሱ፣ ወንበር የሚደረድር እሱ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የኖረው። በእነዚህ ዓመታት የዘረጋው ገመድ ቢቀጣጠል ምድርን ሁለት ጊዜ ዞሮ የሚተርፈው ለልብስ ማስጫ ይበቃል።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ እሑድ ጉድ ሆነ። በጸሎት የሚከፍተው ሰው ዘገየና፣ ፊውዝ ማይክሮፎኑን ሊያስተካክል መድረክ ላይ እንደቆመ መጋቢው፣ «ወንድም ፊውዝ፣ እስቲ ዛሬ አንተው በጸሎት ክፈትልን» አሉት።

ፊውዝ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ዘረጋ። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋና፣

«ሄሎ… ሄሎ… አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ።

ጉባኤው በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ።

ከዚያ ወዲያ ቃል ቢፈልግ ቃል የለም፤ ኪሱ ውስጥ ብሎን መፍቻውን የሚፈልግ ይመስል በልቡ ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ ምንም። መጋቢው ደርሰው አወጡት። ሕዝቡ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልወረደም። ቤቱ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ለሚስቱ እንዲህ አላት፦

«ለስንት ሰው ማይክ አስተካክዬ፣ ለካ እኔ የምናገረው የለኝም።»

«ደንግጠህ ነዋ።»

«አልደነገጥኩም። ዓይኔን ስጨፍን ማንን እንደማናግር ጠፋኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቤቱን ስጠግን፣ አንድ ቀን ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብዬ አላወራሁም እኮ።»

ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ነበር። እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ። «እና አሁን ቁጭ በላ!» አለችው።

«ቁጭ እላለሁ! በየቀኑ ሦስት ሰዓት! ጎህ ሳይቀድ!»

«አንተ? ፀጉር ሊቆረጥ ሃያ ደቂቃ መቀመጥ አቅቶት ግማሽ ራሱን ተስተካክሎ የወጣ ሰው?»

እንደ ድንች ዋጋ ተከራከሩበት። ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ተኩል ወረደ፤ በመጨረሻ በአንድ ሰዓት ተስማሙ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አንድ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ። በዚያ ቤት ከውስጥ የሚዘጋ በር ያለው ዕቃ ቤቱ ብቻ ነበር።

ሰኞ ገባ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ፦ የጎረቤቱ ባለሱቅ ማቀዝቀዣ እያቃሰተ ነው። ወጣ። ማክሰኞ የመዘምራን መሪዋ ደወለች፤ ወጣ። ረቡዕ ስልኩን ለአማቱ ለእማማ አስረክቦ ገባ። እማማ ጆሯቸው ትንሽ ቢከብድም ምላሳቸው ውሸት አያውቅም፤ ለደወለው ሁሉ «ዕቃ ቤት ነው» አሉ። «ከዕቃ ቤት ሰው አይወጣም እንዴ?» ተባለና ወጣ። ሐሙስ እማማ በብልሃት «የለም» ብለው መለሱ። ይህን ከበሩ ኋላ ሰምቶ፣ «እማማ! በጸሎት ሰዓቴ ላይ ውሸት!» እያለ ወጣ። ዓርብ እንዲሁ በማን እንደተጠራ እንኳ ሳያጣራ ወጣ።

ነገሩ ያስፈራው ዓርብ ነው። ስልኩ መጮኹ አይደለም ያስፈራው። ስልኩ ሲጮህ እፎይ ማለቱ ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ከእግዚአብሔር ጋር ብቻውን ሲሆን የሚለው ጠፍቶት ይጨነቃል፤ ስልኩ ሲጮህ እንደተፈታ እስረኛ ይፈነጥዛል።

«ነገም ከወጣሁ» አላት ለሚስቱ፣ «ከዚያ ወዲያ የምገባ አይመስለኝም። ራሴን አውቀዋለሁ። ገመድ እየዘረጋሁ አረጃለሁ፤ ከእሱም ጋር ሳንተዋወቅ እንቀራለን።»

ከዚያም ቁጭ ብሎ አንድ የማያሳፍር፣ ውሸትም ያልሆነ፣ ማንም ሊከራከረው የማይችል መልስ አዘጋጀ። ለእማማም አስጠናቸው። «እማማ፣ ነገ ማንም ቢደውል ‹ከጌታ ጋር ነው› ይበሉልኝ። ሌላ አይጨምሩ።»

«ከጌታ ጋር ነው» አሉ እማማ እየቀመሱት። «ታምራለች። እንዲህ ያለውን ነው እንጂ!»

ቅዳሜ ነጋ። የዚያን ቀን በሦስት ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ጉባኤ ይጀመራል፤ ፊውዝ ማጉያውን ዓርብ ማታ ተክሎ፣ ፈትሾ ጨርሷል። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ዕቃ ቤት ገባ፣ መቀርቀሪያውን ወረወረ፣ በአንድ ትልቅ የሽቦ ጥቅል ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ክንፉ የተሰበረ ማራገቢያ፣ ከኋላው ሦስት የቀለም ባልዲ፣ ከራሱ በላይ የተቃጠሉ አምፖሎች የሞሉበት ካርቶን።

«ጌታ ሆይ» አለ። «አንደኛ፣ የመድረኩ ማጉያ ተተክሏል። ሁለተኛ፣ የጓሮው መስመር ተቀይሯል። ሦስተኛ…»

ሦስተኛው ላይ አፈረ። ለአሠሪ የሚቀርብ ሪፖርት እንጂ ጸሎት አልመሰለውም። ማራገቢያውን አየ። ማራገቢያውም አየው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኩ ከወዲያ በኩል ጮኸ።

ሰውነቱ ብድግ አለ። እሱ ግን ሰውነቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሽቦው ጥቅል ላይ መልሶ አስቀመጠው። የዚያን ጊዜ የተደረገውን ትግል ያየ ቢኖር ዓለም ስለ ነፃ ትግል ማውራት ባቆመ ነበር።

በስልኩ የተባለውን እሱ አልሰማም። በኋላ ግን እማማ ሰባት ጊዜ፣ የመዘምራን መሪዋ ሰባ ጊዜ ስለተረኩለት በቃሉ ያውቀዋል። የደወለችው መሪዋ ናት፤ ድምፅዋ ያለ ማጉያ ሁለት ሰፈር የሚያዳርስ ሴት።

«ሄሎ! ፊውዝ አለ?»

እማማ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የተጠናውን ቃል በክብር አወጡት። «ከጌታ ጋር ነው።»

«ምን… ምን አሉኝ እማማ?»

«ከጌታ ጋር ነው አልኩሽ፣ ልጄ።»

«ወይኔ! መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

«በድንገት?»

«ኧረ አስቦበት ነው! ሳምንቱን ሙሉ ቢሞክር ቢሞክር አልሆነለት ብሎ ነበር። ዛሬ ሆነለት።»

«ሲሞክር ነበር?! አምላኬ! ተሠቃየ?»

«መጀመሪያ ትንሽ ተቁነጠነጠ። አሁን ጸጥ ብሏል።»

«ሚስቱስ? ሚስቱ እንዴት ሆነች?»

«ደስ ብሏታል። ዳቦ ልትገዛ ወጥታለች።»

«…አሁን የት ነው ያለው?»

«ዕቃ ቤት።»

«ዕቃ ቤት አስተኛችሁት?!»

«ምን ተኝቶ፣ ተቀምጦ ነው እንጂ። በሩ ተዘግቶበታል። በአንድ ሰዓት ይወጣል።»

«በአንድ ሰዓት! ዛሬውኑ! እማማ፣ ዘመድ እንኳ ሳይሰበሰብ ምን አስቸኮላችሁ?»

«ከዚያ በላይ ከቆየማ ይደርቃል፣ ልጄ!»

በመሪዋ መፍረድ አይቻልም። በዚያ ጉባኤ «ከጌታ ጋር ነው» የሚባለው ለሞተ ሰው ብቻ ነበር። በቁሙ ያለ ሰው፣ ያውም ሥራ የበዛበት፣ ያውም በቅዳሜ ጠዋት፣ ከጌታ ጋር ሊሆን ይችላል ብሎ የጠረጠረ እስከዚያ ቀን አልተገኘም።

ፊውዝ በዚህ መሐል ወሬ የለውም። ስልኩ ጮኾ ዝም አለ፤ እሱም አልሄደም። በገዛ ራሱ ተገረመ።

«አልሄድኩም» አለ፣ ቀስ ብሎ። «መሄድ ግን አምሮኝ ነበር።»

ይህ በሪፖርት ውስጥ ያልነበረ ዐረፍተ ነገር ነው። ትንሽ ቆየና ሌላ ተከተለው። «እውነቱን ልንገርህ? ካንተ ጋር መቀመጥ ያስፈራኛል። ሥራ ካልያዝኩ ምን ይዤ ፊትህ እንደምቆም አላውቅም።»

ጸጥ አለ። ይህ ጸጥታ ግን ከቅድሙ ይለያል፤ የሚያዳምጥ ሰው ያለበት ክፍል ጸጥታ ነበር። ፊውዝ አንድ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ።

ያን ጊዜ ነው ቤቱ በለቅሶ የተናወጠው።

ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። አራት መቶ ነበርን የሚሉ አሉ፤ ሳሎኑ አሥራ አራት ሰው የሚይዝ ስለሆነ የቀሩት ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስቱ የት እንደቆሙ የጠየቀ የለም። ፊውዝ ጎረቤት የሞተ መሰለው። እግሩ እንደ ልማዱ ቀድሞት ተነሣ፤ ወንበር ማን ሊደረድር ነው? እጁ መቀርቀሪያው ላይ አረፈ። ከለቅሶው ሁሉ በላይ ደግሞ የመሪዋ ድምፅ ተሰማ፦

«ኧረ ፊውዛችን ተቃጠለ! ኧረ ፊውዛችን ተቃጠለ!»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የፊውዝ ጆሮ ግን ያን ጠዋት ዘመድ ሆነ።

«ከእንግዲህ ገመዱን ማን ይዘርጋልን!»

«ጄኔሬተሩ ያለ እሱ ለማን ይነሣል!»

«ማቀዝቀዣዬን በጅምር ትቶት!» አለ ባለሱቁ፤ ከሁሉ የመረረ እንባ የእሱ ነበር።

ፊውዝ፣ እውነቱ ይነገርና፣ ወዲያው አልወጣም። ደረቱ ትንሽ ነፋ አለ። ለካ ይህን ያህል ይወዱኛል ብሎ በሩ ላይ ተለጠፈ። ማጉያው ተመሰገነ፣ ጣሪያው ተመሰገነ፣ ወንበሩ ተመሰገነ። ሌላ ነገር ጠበቀ። በመጨረሻ መጋቢው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰምቶ፣ አሁን ይላሉ ብሎ ትንፋሹን ያዘ።

መጋቢው ውሸት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«ወንድማችን» አሉ። «ወንድማችን… ከጌታ ጋር… እ… ለጌታ…» ቆሙ። ፈለጉ፣ ፈለጉ። «ለጌታ ብዙ ገመድ ዘርግቷል» ብለው ጨረሱት።

የተነፋው ደረት ተነፈሰ። አልተቆጣቸውም፤ ምን ብሎ ይቆጣል? ያላቸውን ነው የተናገሩት። ሞቶ ቢሆን ኖሮ በእውነት የሚባልለት ይኸው ነበር።

በዚህ ጊዜ ሚስቱ ዳቦዋን ታቅፋ ገባች። መሪዋ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ዳቦው ተጨፈለቀ።

«ጽኚ እኅቴ! ጽኚ! ከጌታ ጋር ነው!»

«አውቃለሁ» አለች ሚስቱ ግራ ገብቷት። «እስከ አንድ ሰዓት ነው።»

«ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው!» አለ ባለሱቁ።

ሚስቱ ዞር ስትል እናቷም ጥግ ተቀምጠው ይነፋረቃሉ። «እማዬ፣ አንቺን ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ! ሲያለቅሱ ባይ ጊዜ ሆዴ ባባ። ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?»

«ፊውዝ ነዋ!» አለች መሪዋ በጆሯቸው።

«ፊውዝ?!» እማማ ከመቀመጫቸው ተስፈነጠሩ። «አሁን? እዚያው እንደገባ?»

ፊውዝ ከዚህ በላይ መታገሥ ኃጢአት መሰለውና መቀርቀሪያውን ሳበ። ፀጉሩ ላይ አቧራ፣ ትከሻው ላይ የሸረሪት ድር፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን ብቅ አለ።

የተነሣው ጩኸት በሰፈሩ ያሉትን ውሾች ሁሉ በትንሣኤ አሳመነ። ባለሱቁ፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን የሚይዘው ወፍራሙ ባለሱቅ፣ ሶፋውን ከነጠረጴዛው በአንድ ዝላይ አለፈው። አንዲት ሴት የበር መጋረጃ ውስጥ ተጠቀለለች። መጋቢው ብቻ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

«አልሞትኩም» አለ ፊውዝ።

«እማማ ናቸው እኮ ከጌታ ጋር ነው ያሉኝ!» አለች መሪዋ፣ እንባዋ በንዴት እየደረቀ።

«አልዋሹም። ከእሱ ጋር ነበርኩ። ገና ልናወራ ስንል መጣችሁ።»

መጀመሪያ የሳቁት መጋቢው ናቸው። ከዚያ ሚስቱ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። እማማ ነገሩ ዘግይቶ ገባቸውና ሁሉም ሲጨርስ ብቻቸውን እንደገና ጀመሩ። ባለሱቁ ከሶፋው ኋላ ሆኖ፣ «እና ማቀዝቀዣዬ ይሠራል ማለት ነው?» አለ።

መሪዋ ቀድማ ወደ ልቧ ተመለሰች። «እንኳን አልሞትክ! በል ጫማህን አድርግ። የደወልኩት አምፕሊፋየሩ አልነሣ ብሎ ነው። ጉባኤው በሦስት ሰዓት ይጀመራል!»

ሁሉም በአንዴ ያዘው። አንዱ ክንዱን ሳበ፣ አንዱ የመሣሪያ ሣጥኑን አነሣ፣ አንዱ ጫማውን ፈለገ። ፊውዝም ደሙ ሞቀ፤ አምፕሊፋየር ሲባል ጣቶቹ ያሳክኩታል። አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ ገባ። ያቺን የሚያውቃትን እፎይታ አገኛት፤ አገኛትና ለየት አድርጎ አያት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተመለከተ።

«አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረኛል» አለ።

«ምን?»

«ለአንድ ሰዓት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረኛል።»

«አንተ ሰው፣ ከሞት ተነሥተህ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ትከራከረኛለህ? የጌታ ሥራ ነው እኮ!»

«የጌታ ሥራ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይጠብቅ። ጌታን እኔ አሥራ አንድ ዓመት አስጠብቄዋለሁ።»

እግሩን ከጫማው አወጣ። ዕቃ ቤት ተመልሶ ገባ። መቀርቀሪያው «ቋ» አለ።

መሪዋ በሩን ልታንኳኳ እጇን ስታነሣ እማማ መሐል ገቡ። ቁመታቸው ከመሪዋ ክርን አያልፍም፤ ያን ጊዜ ግን የከተማ በር አከሉ። «ልጄ» አሏት፣ «ያ ማሽን… ሶኬቱ ላይ ሰክታችሁታል?»

መሪዋ ጥግ ሄዳ ቤተ ክርስቲያን ደወለች፣ በሹክሹክታም አነጋገረች፤ ሹክሹክታዋን መንገድ ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ሰሙት። የጽዳት ሠራተኛዋ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን ልትሰካ የአምፕሊፋየሩን ነቅላው ኖሯል።

ፊውዝ በሽቦው ጥቅል ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፈነ። «ይቅርታ፣ አቋረጥኩህ» አለ፤ በቁም ነገር ነበር የጀመረው። ግን ያ ሶፋ ፊቱ መጣበት። ከንፈሩን ነከሰ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«ባለሱቁን አየኸው?» አለ። «አየኸው አይደል፣ ሶፋውን ሲዘል? ያንን ጉልበት እኮ አንተ ነህ የሰጠኸው! ለእኔማ ደረጃ እንኳ አልወጣም ይለኝ ነበር!» ሳቁ አመለጠው፤ የቀለሙ ባልዲዎች እስኪንኳኩ ሳቀ። ለአሥራ አንድ ዓመት የሥራ ሪፖርት ሲያቀርብለት ለኖረው አምላክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አወራለት፤ የእማማን ለቅሶ፣ የተጨፈለቀውን ዳቦ፣ መጋረጃ የተጠቀለለችውን ሴት፣ አንድ ሳይቀር። እግዚአብሔር ሁሉን እንደሚያይ አልጠፋውም። አብሮ ካየ ሰው ጋር ማውራት ነው ደግሞ የሚጥመው።

ሳቁ እየረገበ ሲሄድ ድምፁ ዝቅ አለ። «መጋቢው ያሉትን ግን ሰማህ?» አለ። «ልክ ናቸው። እስቲ እንነጋገርበት…» ከዚያ በኋላ ያለው ከሽቦው ጥቅል አላለፈም።

ሳሎን ውስጥ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። መጋቢው ሚስቱን ወደ ጎን ጠርተው፣ በሩን አሻግረው እያዩ፣ «እኅቴ… እኔም ቤት ዕቃ ቤት አለ እኮ» አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም። ሚስቱ የተጨፈለቀውን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው።

መሪዋ ግን አላስቻላትም። በጣቷ ጫፍ እየተራመደች ሄዳ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ምን እያለው ነው?» አለች።

እማማ በቀሚሷ ጎትተው መለሷት። «ምን አገባሽ! የሁለት ሰው ወሬ ነው።»